የኦሞ ሴቶች የቤት አሠራር በቅርስነት ይመዝገብ

በዳሰነች አንድ ቤተሰብ ሰፈር ሲለውጥ ቤቱም አብሮ ይጓዛል። ሚስት ማሰሪያውን ትፈታለች፤ የለበሰውን ቆዳና ምንጣፍ ታወርዳለች፤ ጎበጥ ጎበጥ ያሉትን ዘንጎች አስራ በአህያ ትጭናለች። አዲሱ ሰፈር ሲደረስ ያንኑ አጽም መልሳ ትተክላለች፣ ታለብሰዋለች፣ እሳቷን ታነዳለች። ቤቱን የሠራችውም የምታፈርሰውም መልሳ የምታቆመውም እሷ ናት። ባል ከብቱን ይነዳል እንጂ በዚህ ሥራ እጁን አያስገባም።

ይህ ቤት የሚቆምበት አገር ኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የሚዘረጋበት ሜዳ ነው። ሙቀቱ ጽኑ ነው፤ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ከወንዙ ዳር ብዙም አይርቅም። ሕዝቡ ለዘመናት ኑሮውን ያደራጀው በወንዙ ሙላት ነው፤ ውኃው ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል፣ ከብቱን ደግሞ ሣር ወዳለበት ይወስዳል። ወንዙ ግን አንዳንዴ ከልኩ ያልፋል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በቅርብ ዓመታትም የኦሞና የቱርካና ውኃ ከፍ እያለ ብዙ ቀበሌዎችን ውጦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ቦታ ነቅሎ መሄድ የሚቻል ቤት ማለት ሕይወት ማለት ነው። ዘንጎቹን ለምን ያህል ማጉበጥ እንደሚቻል፣ የትኛው እንጨት ሳይሰበር እንደሚታጠፍ፣ ነፋሱ ከየት ሲመጣ በሩ ወዴት እንደሚዞር የምታውቀው ሴት በማናቸውም ሚዛን የኪነ ሕንፃ ባለሙያ ናት።

ነገር ግን እንደ ባለሙያ የቆጠራት የለም።

ጉዳዩ የዳሰነች ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። በደቡብ ኦሞና በአካባቢው ግን በአንድ ቀን መኪና መንገድ ውስጥ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ በርካታ የቤት ዓይነቶች ይገኛሉ፤ በአብዛኛው የሚሠሩትም ሴቶች ናቸው። ከማጎ ብሔራዊ ፓርክ ወዲያ ሙርሲዎች በቀጭን እንጨት አጽም ላይ ሣር ደራርበው፣ እንደ ቀፎ የተደፋ፣ በእንብርክክ የሚገባበት ዝቅ ያለ ቤት ያቆማሉ። ወንዝ ዳር ማሽላ ሲያርሱና ሣር ሜዳው ላይ ከብት ሲጠብቁ የሚቀመጡት በተለያየ ቦታ ስለሆነ ቤቱ ፈጥኖ የሚሠራ፣ ሲተዉትም የማያስቆጭ መሆን አለበት። ቱርሚና ዲመካ አካባቢ የሐመር ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው ጎን ለጎን የተተከለ እንጨት፣ ጣሪያው ሾጣጣ የሣር ክዳን ነው። ግድግዳው በጭቃ ስላልተመረገ ነፋስ በእንጨቶቹ መካከል ያልፋል። ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ከበላዩ ቆጥ ያያል፤ ቅሉና እህሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከታች የሚነድደው እሳት ጭሱን ወደ ላይ ይሰድዳል፤ ጭሱ ቆጡንም ክዳኑንም ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቃል። ከውጭ የመጣ ሰው ጭሱን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። እርግጥ ለዓይንም ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ያለ ጭስ ግን የሣር ክዳኑ ዕድሜ ያጥራል፤ ቤቱን ያሰበችው ሴት ሁለቱን አመዛዝናለች።

ከጂንካ ከተማ በላይ ወዳለው ደጋ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አሪዎች እንሰት ተካይ ገበሬዎች ናቸው፤ ቦታ አይለቅቁም። ቤታቸው በጭቃ የተመረገ፣ ብርድ የሚከላከል፣ በእንሰት ጓሮ የተከበበ ነው። የአሪ ሴቶች ግድግዳውን በቀለማት አፈር ያስጌጡታል፤ ብሩሻቸው ጣታቸው ነው። ነጩም ቀዩም ጥቁሩም ከአካባቢው አፈር፣ ከአመድና ከከሰል ይወጣል። ዝናብ ሲያጥበው ወይም ሲሰነጣጠቅ እንደገና ይለቀለቃል፤ በአዲሱ ልቅላቂ ላይ አዲስ ሥዕል ይወጣል። እንዲህ ያለ ሥዕል ሙዚየም ውስጥ ሊሰቀል አይችልም፤ ግድግዳውን ለቅልቃ የምትስለው ሴት ከሌለች ሥዕሉም የለም።

በጂንካ ከተማ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ እምብዛም አይታይም። በአንድ ወቅት አውሮፕላን ከከተማዋ መሀል ካለው የሣር ሜዳ ላይ ያርፍ ነበር፤ በረራ በሌለበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማ ወጥቷል፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጂንካ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ከተማዋ እያደገች ነው፤ እሰየው ነው። የምታድገው ግን በብሎኬትና በቆርቆሮ ብቻ ነው። ከከተማ ወጥቶ ቆላው ውስጥ የሚሠራው ትምህርት ቤትና ጤና ኬላም እንደዚያው ነው፦ ለደጋም ለቆላም አንድ ዓይነት ንድፍ፣ አራት ማዕዘን፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጠባብ መስኮት። በዳሰነቿ ከተማ በኦሞራቴ እኩለ ቀን ሲሆን በእንዲህ ያለ ክፍል ተቀምጦ የሚማር ልጅ፣ እናቱ የሠራችው ቤት ከክፍሉ እንደሚቀዘቅዝ ለማወቅ ሙቀት መለኪያ አያስፈልገውም።

ሌሎች አገሮች የራሳቸውን ቤት ማክበር የጀመሩት እንዴት እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። እንግሊዞች ዛሬ የሚኮሩበት የሸክላ ጡብ ቤት ሲጀመር የኩራት ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደን በእሳት ስትጋይ ከ13 ሺህ በላይ ቤቶች አመድ ሆኑ፤ በዓመቱ የወጣው ሕግ አዲሶቹ ቤቶች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ1784 መንግሥት ለጦርነት ያወጣውን ገንዘብ ለማካካስ በጡብ ላይ በቁጥር ግብር ጣለ፤ ጡብ ሠሪዎችም ግብሩን ለማምለጥ ጡቡን አተለቁት። ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1850 እስኪነሳ ድረስ የቤቱ መልክ በእሳት፣ በሕግና በግብር ሲቀረጽ ኖሯል። ሰዎቹ የያዙት ዕቃ ተለወጠ፤ ሙያው ግን አልተበጠሰም። የለንደን ጡብ ደርዳሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1568 ንጉሣዊ ፈቃድ አግኝቶ ልጆችን በእጅ ሥራ ያሠለጥን ነበርና።

ቅርስ ወደ መባል ያደረሰው ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይገርማል። በሊንከንሻየር ታተርሻል የሚባል ከ500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ግንብ አለ። ከ30 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ የወጣ፣ ከሥር እስከ ጫፉ በቀይ ጡብ የተደረደረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ግንቡ ሊሸጥ ሲል በውስጡ ያሉት የተጠረቡ የድንጋይ ምድጃዎች ተነቅለው ወደ አሜሪካ ሊጫኑ ለንደን ደረሱ። የሕንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘን በራሱ ገንዘብ ግንቡን ገዛ፣ ምድጃዎቹንም አስመልሶ በየቦታቸው አስተከላቸው። በምድጃዎቹ መነቀል የተነሳው ቁጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለጥንታዊ ሕንፃዎች ጠንካራ ሕግ እንዲወጣ መንገድ ከፈተ፤ ባለቤቱ እንኳ እንዳሻው እንዳያፈርስ መንግሥት የመከልከል ሥልጣን አገኘ። ምድጃ ስለተነቀለ አንድ አገር ተቆጣ።

በኢትዮጵያም ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን እንዲንከባከብ ያዛል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት ያላቸውንም የሌላቸውንም ቅርሶች በስም ጠቅሶ ይዟል። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት አጽድቃለች፤ መስቀል፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ የገዳ ሥርዓትና ጥምቀት በዚያ መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ ችግሩ የሕግ እጦት አይደለም። ቅርስ ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው ነገር ጠባብ መሆኑ ነው፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ፋሲል ግንብ፣ ሐረር ጀጎል፣ ማለትም ድንጋይና ግንብ። ካልሆነም በዓል። በበዓሉና በግንቡ መካከል ያለው የእጅ ሙያ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል።

ኦሞ ሸለቆ ራሱ የዓለም ቅርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ተመዝግቧል። የተመዘገበው ግን በቅሪተ አካሉ ነው። ከሁለት መቶ ሺህ ዓመት በፊት ስለኖሩት ሰዎች አጥንት ዓለም ያውቃል፣ ይመራመራል፣ ይከራከራል፤ በዚያው ሸለቆ ዛሬ ስለምትኖረው ሴት ቤት የሚናገር የመዝገብ ገጽ የለም። አጥንቱ ክብር ይገባዋል። ሕያዋኑስ?

ከጂንካ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኮንሶ የተሻለ ምሳሌ ሰጥቷል። የኮንሶ እርከንና በድንጋይ ካብ የታጠሩት መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ካቡ ብቻ አልተቆጠረም፤ ትውልድ እየተቀባበለ ካቡን የሚጠግንበት ሥርዓትም አብሮ ተቆጥሯል። ካብ ካልተጠገነ ይናዳልና። ከአርባ ምንጭ በላይ ያሉት ዶርዜዎች ደግሞ ከቀርከሃ የሸመኑትን ረጅም ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው እያሳጠሩ ይኖሩበታል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዞረዋል። እነዚህን ቤቶች ገመድ አጥሮ፣ ሰሌዳ ለጥፎ፣ «አይንኩ» ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የሙርሲ ቤት ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይወድቃል፤ መውደቁም የአሠራሩ አካል ነው። የሚጠበቀው ነገር ሠሪዋ የምታውቀው ነው።

ጃፓኖች ይህን ከተረዱት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ኢሴ የሚባለው ታላቁ የሺንቶ መቅደሳቸው ከእንጨትና ከሣር ክዳን የተሠራ ነው። በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አዲስ መቅደስ በዚያው ልክ ይሠራና አሮጌው ይፈርሳል። ሥርዓቱ የተጀመረው በሰባተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሲሆን የመጨረሻው ግንባታ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። 20 ዓመት የተመረጠበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን ውጤቱ ግልጽ ነው፤ አንድ አናጢ በወጣትነቱ ተማሪ፣ በጉልምስናው ሠሪ፣ በሽምግልናው አስተማሪ ሆኖ ሦስት ጊዜ ሥራውን ያገኘዋል። በመቅደሱ ውስጥ አሮጌ እንጨት የለም፤ አሮጌው ነገር ዕውቀቱ ነው።

በኦሞ ይህ የትምህርት ሰንሰለት በእናትና በሴት ልጅ መካከል የተዘረጋ ነበር። ልጅቷ ሣር ስታጭድ፣ ልጥ ስትልጥ፣ እናቷ ዘንግ ስታጎብጥ ስትይዝላት ትማራለች። አሁን ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። መሄድ አለባት፤ ስለዚህ ነገር ሁለት ቃል አይኖርም። ግን ዲመካ ወይም ጂንካ ተቀምጣ አሥር ዓመት የተማረች ልጅ ስትመለስ ቤት መሥራት አትችልም፤ በተማረችበት ክፍልም የእናቷ ሥራ ዕውቀት ነው ያላት አስተማሪ የለም። ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ያስገደዳት ማን ነው? ሥርዓተ ትምህርቱ ለዚህ በሩን ቢከፍት እናቲቱ ክፍል ገብታ ልታስተምር ትችላለች።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ሣር ክዳን ይነድዳል። በየጊዜው ይለወጣል፤ ለመለወጥ ሣር ያስፈልጋል፤ የግጦሽ መሬት እየጠበበ ሲሄድ ሣሩ ይርቃል። ያንን ሣር ተሸክማ የምትመጣው ያችው ሴት ናት፤ ውኃውንም እንጨቱንም የምትሸከመው እሷ ናት። ቆርቆሮ ገዝታ ቤቷን ብታለብስ ጉልበቷ ይተርፋል፣ የዝናብ ውኃ ታጠራቅማለች። የዳሰነች ሴቶች ከቆዳ ይልቅ ቆርቆሮ፣ ማዳበሪያና ሸራ ማልበስ ከጀመሩ ቆይተዋል። እነሱን «የባህል ቤታችሁን አትንኩ» ብሎ መከልከል ነውር ነው። በሰው ድካም የቱሪስት ፎቶ ማሳመር ይሆናል።

ይህ ጽሑፍም ማንንም በሣር ቤት ኑሪ አይልም። እንዲያውም የዳሰነቿ ሴት ቆርቆሮውን እንዴት እንደተጠቀመችበት ማየት ብዙ ያስተምራል። ቆርቆሮውን ይዛ አራት ማዕዘን ቤት አልሠራችም፤ በአሮጌው ጎባጣ አጽም ላይ አለበሰችው፤ ሲመሽ አንዱን ክንፍ ገልጣ ነፋስ ታስገባለች፤ ጎርፍ ሲመጣ ቆርቆሮውንም ፈትታ ትጭናለች። የለንደን ግንበኞች ከእንጨት ወደ ጡብ ሲሸጋገሩ ያደረጉትን እሷም አደረገች፤ አዲሱን ዕቃ ለአሮጌው ጥበብ አስገዛችው። ሊጠፋ የሚችለው ሣሩ ቢቀር ችግር የለም። ይህ የማሰብ ችሎታ ግን ከጠፋ ከገበያ አይገዛም።

በመንግሥት ፕሮጀክት የሚሠሩ የሰፈራ መንደሮች ላይ የሚነሳው ቅሬታም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ የታችኛው ኦሞ ዓመታዊ ሙላት እንደ ድሮው አይደለም፤ በዚያው የተስፋፋው የስኳር ልማትም መሬቱን ቀይሮታል። ሰዎች ወደ ተሰባሰበ መንደር ሲገቡ የመንደሩ ንድፍ ከመውጣቱ በፊት ሴቶቹን የሚጠይቅ ባለሙያ መኖር ነበረበት። ከብቱ የት ያድራል? እህሉ ከምስጥ ከፍ ብሎ የት ይቀመጣል? እሳቱ የት ይነድዳል? እነዚህ የኪነ ሕንፃ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውንም ሴቶቹ ያውቁታል።

ዕውቀቱን ለመሰብሰብ የሚጀመረው ከዜሮ አይደለም። ከጂንካ በላይ ባለው ኮረብታ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። ማዕከሉ የተቋቋመው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመናዊው የሰው ጥናት ምሁር ኢቮ ሽትሬከር አነሳሽነት ነው። ሽትሬከርና ዣን ሊዳል ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሐመር፣ ዴቪድ ተርተን ደግሞ በሙርሲ ለብዙ ዓመታት የሠሩት ጥናትና ፊልም በዓለም የታወቀ ነው። ላቤል ፕሩሲን እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ አፍሪካ ተንቀሳቃሽ ቤቶች ባሳተመችው ትልቅ መጽሐፍ ደግሞ የአርብቶ አደሩ ዓለም ኪነ ሕንፃ ባለሙያዎች ሴቶች መሆናቸውን በሰፊው አሳይታለች። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ለጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ለሐመሯ ልጅም አልደረሰም።

ስለዚህ አሁን ተራው የአገር ቤት ተቋማት ነው። ክልሉና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የቤት አሠራሩን በአዋጁ መሠረት ግዙፍነት እንደሌለው ቅርስ ይመዝግቡት፤ በየብሔረሰቡ ሙያው የታወቀላቸውን ሴቶች፣ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ በስማቸው ይያዟቸው። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ከማዕከሉ ጋር ሆኖ የእያንዳንዱን ቤት አሠራር ከእንጨት መረጣ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ በፊልምና በሥዕል ይቅረጽ፣ በሠሪዎቹ ቋንቋም በአማርኛም ያሳትም። በቆላው የሚገነቡ አዳዲስ ክፍሎች ንድፍ ከመጽደቁ በፊት ስለ ነፋስ፣ ስለ ጥላና ስለ ጣሪያ የአካባቢው ሴቶች ይጠየቁ። በየከተማው እየተከፈቱ ያሉ ሎጆች «የባህል ጎጆ» ብለው የሚያከራዩትን ክፍል ከሌላ አገር በመጣ ሥራ ተቋራጭ ከማሠራት ይልቅ ለሴቶቹ ማኅበር በውል ይስጡ፤ ቱሪስቱ ለአንድ ፎቶ የሚወረውራት ብር ከምታመጣው በላይ አንድ ሙሉ የሥራ ውል ያመጣልና።

ለጅማሬው ሰፊ በጀት አያስፈልግም። በማዕከሉ ግቢ ውስጥ ዝናቡ ካባራና ሣሩ ከደረሰ በኋላ አንድ የዳሰነች፣ አንድ የሐመር፣ አንድ የሙርሲና አንድ የአሪ ቤት ይሠራ። እያንዳንዱን ሁለት አረጋውያን ሴቶች ይምሩት፤ ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ልጃገረዶች በእጃቸው ይሥሩት፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይለኩት፣ ይሣሉት። ቤቶቹ ሲያረጁ ሌሎች ልጃገረዶች መጥተው እንደገና ይሥሯቸው። ለሴቶቹ የሚከፈለው ደግሞ በጂንካ ከተማ ዋና ግንበኛ በቀን ከሚያገኘው እንዳያንስ፣ ይህም በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ።